ወንጂ፦ ፊሽካው ከቆመ በኋላ

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በቤትዎ ባለው አሮጌ አልበም ውስጥ አባትዎ ወይም እናትዎ በሥራ ላይ እያሉ የተነሡት ፎቶግራፍ ይኖራል? የሠርጉን፣ የምረቃውን ወይም የበዓሉን ማለቴ አይደለም። ልብሳቸው ላብ ጠጥቶ፣ እጃቸው ዘይት ወይም ጭቃ ነክቶት፣ ቤተ ሰቡን ያሳደሩበትን ሥራ ሲሠሩ የሚያሳየውን ማለቴ ነው።

እኛ ቤት የለም። አባቴ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ውኃ ሲያጠጣ ኖሮ በጡረታ ተሰናበተ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። የቀሩን ፎቶግራፎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ቤት ገብቶ፣ የተዋሰውን ኮት ለብሶ የተነሣው ሲሆን፣ ከጀርባው በሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ የእውነተኛ ውኃ መንገድ ሲመራ የኖረ ሰው፣ በፎቶው ላይ አብሮት ያለው ውኃ የቀለም ነው። ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ፈገግ እላለሁ፤ ቀጥሎ ግን ይቆጨኛል።

ፋብሪካው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ካሜራ ይዤ ወደ ተወለድኩባት ከተማ የተመለስኩት በዚህ ቁጭት ነው። እርስዎም አንድ ቀን ሊሄዱባት ይችሉ ይሆናልና መንገዱን አብረን እንሂድ።

ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ ያለውን መንገድ ያውቁታል። ከአዳማ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ወንጂ ይደርሳሉ። ሚኒባስ አለ፤ ባጃጅም አለ። ከቻሉ ከሹፌሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ምክንያቱም ደረቁና ድንጋያማው ኮረብታ አልቆ ከታች ሜዳው ድንገት ሲገለጥ የሚታየው አረንጓዴ ሊያመልጥዎ አይገባም። እስከ አድማስ ሸንኮራ ነው። በበጋ፣ ዙሪያው ሁሉ የገለባ ቀለም በያዘበት ሰዓት፣ ይህ አረንጓዴ ዓይን ያስደነግጣል። እንግዳ ሰው «እንዲህ ለምለም አገር ነው እንዴ!» ይላል። ለምለም ያደረገው ከአዋሽ በፓምፕ እየተሳበ በቦይ የሚመራው ውኃ ነው፤ የአባቴንና የመሰሎቹንም አካፋ ይጨምሩበት።

አሁን ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። ይህ ሜዳ ሸንኮራ ከመተከሉ በፊት የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት መሬት ነበር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫና በሱማትራ ሰፊ እርሻ የነበረው ሲሆን፣ ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ስታገኝ ዓይኑን ወደ ሌላ አገር አዞረ። በ1943 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋለና ወደ አዋሽ ዳር መጣ። የወንጂ ፋብሪካ በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት ጀመረ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በአጠገቡ ተሠራ። በ1967 ዓ.ም ሁለቱም በመንግሥት ተወረሱ። ሸንኮራ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከሌላውም አገር በሺህ የሚቆጠር ሰው መጣ፤ ብዙው መጥቶ ቀረ። በልጅነታችን መንደር ለመንደር ስንሮጥ፣ በአንድ ረድፍ ቤቶች መካከል አራትና አምስት ቋንቋ እንሰማ ነበር። በአገሩ ሁሉ ልጆች ኪስ ውስጥ ይገኝ የነበረው ደስታ ከረሜላም የሚሠራው በእኛው ከተማ ነበር፤ እኛ የወንጂ ልጆች ታዲያ በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ትሕትና የለንም።

እነዚያ መሣሪያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሠሩ። አርጅተው ነበር። አሮጌው የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሸዋም በ2013 ሥራ አቆሙ። በምትካቸው በአርሲ በኩል ዶዶታ ላይ ትልቅ አዲስ ፋብሪካ ተተከለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ስለ ወንጂ «የሞተች ከተማ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት። ሸንኮራው አልተነቀለም፤ ከተማዋን ከብቦ ቆሟል። የተለወጠው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ከቤታችን ደጃፍ ላይ ይጨመቅ የነበረው አገዳ፣ ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመረ።

ይህንን ነገር በፎቶ ማሳየት ከባድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነልኝም። ወደ አሮጌው ፋብሪካ አጥር ሄጄ በቆርቆሮውና በብረቱ ላይ ካሜራዬን አነጣጠርኩ። የጥበቃ ሠራተኛው በትሕትና መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ያለ ደብዳቤ አይቻልም» አለኝ። ትክክል ነው፤ ደብዳቤ አልያዝኩም ነበር። እርስዎ የሚሄዱ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ከውጭ ሆኜ ያነሣኋቸውን ጥቂት ፎቶዎች ማታ በማረፊያዬ ስመለከታቸው ግን የባሰ ነገር አስተዋልኩ። ዝገት ነበሩ። ዝገት ደግሞ የትም ያለ ዝገት ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱን ወስዶ «ይህ አዋሽ ዳር ነው» ቢል «ይህ ሌላ አገር ነው» ቢልም የሚከራከር የለም።

የወንጂ ሰው ስለ ፋብሪካው ሲያወራ ስለ ብረት አያወራም። መጀመሪያ የሚያነሣው ፊሽካውን ነው። ሰዓት የሌለው ቤት ሁሉ በፊሽካው ይነሣ ነበር። ፈረቃ ሲቀየር ይጮኻል፤ እናቶች ምሳ የሚያቀርቡት፣ ተማሪ ቦርሳውን የሚያነሣው በእሱ ነው። ቀጥሎ ሽታው ይነሣል። የሞላሰስ ሽታ፣ ከባድና ጣፋጭ፣ ትንሽ የመፍላት ጠረን ያለው፣ ልብስ ውስጥ የሚገባ። አዳማ ሄደን ስንመለስ ገና ከመንገድ ይቀበለናል። ሦስተኛው ጥላሸት ነው። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት እርሻው በእሳት ይለኮሳል፤ ቅጠሉ ነድዶ አገዳው ይቀራል። ያኔ እንደ ጥቁር ላባ የቀለለ ጥላሸት በሰማይ እየተንሳፈፈ መጥቶ በታጠበ ነጠላ ላይ ያርፋል። «ልብስ አስገቡ!» የሚለው የእናቶች ጩኸት ከመንደር መንደር ይተላለፋል። እንግዲህ ድምፅን፣ ሽታንና ጩኸትን በምን ካሜራ ያነሡታል?

አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ እናት ስለ መዘጋቱ የነገሩኝ ነገር ከሁሉ በላይ አስገረመኝ። ስኳር ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ክረምት ሲገባ ይቆማል፤ መሣሪያው ተፈትቶ ይጠገናል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ እንደ ገና ይነሣል። ስለዚህ የከተማው ሰው ዝምታን ለምዶታል። «የመጨረሻው ቀን ሲቆምም እንደ ወትሮው የክረምት ነው የመሰለኝ፤» አሉኝ። «መዘጋቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አውቀዋለሁም። ሆኖም ጥቅምት እስኪገባ ድረስ አላለቀስኩም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የማነሣው ነገር ተለወጠ። እስቲ ሁለት ዓይነት ፎቶ አንሺዎችን ላስተዋውቅዎ። በጀርመን አገር ቤርንድ እና ሂላ ቤሸር የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምረው ለአሠርት ዓመታት የውኃ ማማዎችን፣ የብረት ማቅለጫዎችንና የማዕድን ግንቦችን እየዞሩ አነሡ። ሰማዩ ደመና በሆነበት ቀን፣ ጥላ በሌለበት ብርሃን፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሰው ሳያስገቡ። አብዛኞቹ ግንቦች በኋላ ፈርሰዋል፤ ፎቶዎቹ ባይኖሩ ቅርጻቸውንም የሚያስታውስ አይኖርም ነበር። ሁለተኛዋ ላቶያ ሩቢ ፍሬዘር የምትባል አሜሪካዊት ናት። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብራዶክ በምትባል፣ የብረት ሥራው ከቀዘቀዘ በኋላ ሕዝቧ በተመናመነባት ከተማ ተወልዳ አደገች። እሷ ያነሣችው አያቷን፣ እናቷንና ራሷን ነው፤ በሳሎን፣ በአልጋ ላይ፣ በሆስፒታል። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የመጀመሪያዎቹን አከብራቸዋለሁ። ለወንጂ ግን የሚያስፈልገው የሁለተኛዋ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው ፕላኑ በአንድ መዝገብ ቤት ይገኝ ይሆናል፤ የሰዎቹ ፕላን ግን የትም የለም።

ታዲያ ሰዎቹን ላነሣ ስሄድ፣ የማውቀውን ግን የረሳሁትን ነገር አስታወሱኝ። ካሜራ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው። እንዲያውም የስምጥ ሸለቆውን መካከል የሚሰነጥቀውን የምድር ስብራት የጂኦሎጂ ሊቃውንት በዓለም ዙሪያ የሚጠሩት በከተማችን ስም ነው፤ «የወንጂ ስብራት መቀነት» ይሉታል። ከዚህ ምድር ሥር የሚወጣው ውኃ በድንጋዩ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ይሸከማል። ጥቂት ሲሆን ለጥርስ ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን በልጅነት፣ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ይጎዳዋል፤ ሲወጣም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ያን ቀለም የትኛውም ሳሙና፣ የትኛውም መፋቂያ አያነሣውም። ለብዙ ዓመት የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱ ይደነድናል፤ አንገቱን ማዞር፣ ወገቡን ማጠፍ ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ አካባቢ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች የተገኘው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም ፍሎራይዱን የሚቀንስ ማጣሪያ ተተክሏል፤ ሐኪሞቻችንም የወንጂን ሠራተኞች መርምረው በዓለም መጽሔቶች ጽፈዋል። ነገር ግን ማጣሪያው ያልደረሰለት ወይም ማጣሪያው በሰነፈበት ጊዜ ያደገ ልጅ ብዙ ነው።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። የስምንተኛ ክፍል የቡድን ፎቷችንን ቢያዩት፣ አርባ ያህል ልጆች ቆመን አንድም ጥርስ አይታይም። ወታደር የምንቀበል እንመስላለን። አዲስ አበባ ገብቼ ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ እንደማይሸፍን ሳይ ገርሞኝ ነበር፤ ለእኔ ሳቅና እጅ አብረው የሚነሡ ነገሮች ነበሩ። በኋላ አዳማ ወይም መተሐራ አካባቢ ያደገ ሰው ሳገኝ፣ ከንግግሩ ሳይሆን ከጥርሱ አውቀዋለሁ፤ እሱም ያውቀኛል። ሳንነጋገር እንተዋወቃለን።

ስለዚህ እርስዎ በወንጂ ሽማግሌ ፊት ካሜራ ይዘው ቆመው «እባክዎ ፈገግ ይበሉ!» ቢሉ፣ ሳያውቁ ቁስል ነክተዋል። አይበሉ።

በሦስተኛው ቀን የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ አረጋዊ ቤት ሄድኩ። አባታቸው ከከምባታ ሸንኮራ ሊቆርጡ የመጡ፣ እሳቸው እዚያው የተወለዱ፣ ፋብሪካው ውስጥም ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠሩ ናቸው። ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ። እኔም «ጋሼ፣ ፎቶ ላነሣዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። እሺ ብለው ገብተው ኮት ለብሰው መጡ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቆሙ። አነሣኋቸው። የአባቴ የፎቶ ቤት ፎቶ ሆነ፤ የጎደለው ፏፏቴው ብቻ ነበር።

ካሜራዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸው።

እዚህ ላይ ስኳር እንዴት እንደሚሠራ ካላወቁ ሰውየውን አይረዷቸውምና በአጭሩ ልግለጽልዎ። አገዳው ይሰነጠቃል፤ በከባድ ሮለሮች መካከል ይጨመቃል። የሚተርፈው ገለባ ባጋስ ይባላል፤ እሱ ራሱ በማሞቂያው ውስጥ ነድዶ እንፋሎቱን ይሰጣል፤ ፋብሪካው በገዛ ገለባው ይሠራል ማለት ነው። ጭማቂው በኖራ ይጣራል፤ ከዚያ እየተነነ እንደ ማር ይወፍራል። ቀጥሎ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ትልቅ የብረት ድስት ውስጥ ይበስላል። አየር ስለሌለ ሳይቃጠል በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስኳሩ እንደ ጨው ፍሬ የሚረጋው እዚህ ነው። ሽሮፕ መቼ እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚወርድ የሚወስነው በድስቱ አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው። ፍሬው ከደቀቀ ወይም ከተጣበቀ የዚያ ሁሉ ሰው ድካም ይበላሻል። አረጋዊው ይህንን ሥራ ነበር የሚሠሩት።

«በምን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

ተነሡ። ከመስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቁራጭ መስተዋት አነሡ፤ ልጃቸው የሰበረው የፎቶ ፍሬም ብርጭቆ ነው። ስኒያቸው ሥር ከቀረው ስኳር በጣታቸው ጥቂት ቀብተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀኑት። «ከድስቱ በዘንግ ትንሽ ታወጣለህ። መስተዋት ላይ ትቀባዋለህ። ወደ መብራት ታነሣዋለህ። እየው! ፍሬው ማዕዘን አለው? እርስ በርሱ እኩል ነው? በመካከሉ ዱቄት የሚመስል አለ? ዱቄት ካለ ውኃ ትሰጠዋለህ፤ ዱቄቱ ይሟሟል፣ ትልልቁ ይቀራል። በእጅህም ትሰማዋለህ፣ እንዲህ በአውራ ጣትህ...» እያሉ፣ መስተዋቱን እያገላበጡ፣ ድምፃቸው እየፈጠነ፣ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ሙሉ ሳቅ። ቡናማው ጥርስ ሁሉ ወጣ፤ የመስኮቱ ብርሃን በመስተዋቱ አልፎ ጉንጫቸው ላይ ወደቀ።

ካሜራውን መቼ እንዳነሣሁት አላስታውስም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ አለ።

በዚያ ጉዞ ካነሣኋቸው ከአራት መቶ በላይ ፎቶዎች ውስጥ የሚስተካከለው የለም። አባቴን እንዲህ አድርጎ ያነሣው ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ አየሁት። ይህንን ጽሑፍ ለማውጣት ሳስብም በገጹ ላይ የሚሆነው እሱ ነው ብዬ ወስኜ ነበር።

ነገር ግን እሳቸው ረስተው ነው የሳቁት። ሰባ ዓመት የጠበቁትን ነገር ለአንዲት ደቂቃ ረሱ፤ እኔም በዚያች ደቂቃ ወሰድኩባቸው። የቅርብ ሰው ስለሆንኩ፣ ጥርሴም እንደ ጥርሳቸው ስለሆነ፣ መብት ያለኝ መስሎኝ ነበር። የለኝም። ስለዚህ አዳማ ወስጄ አሳተምኩትና በማግሥቱ ይዤላቸው ተመለስኩ። የቆሙበትንም፣ የሳቁበትንም፣ መስተዋቱን የያዘው እጃቸው ብቻ የሚታይበትን ሌላም ጨምሬ ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።

የሳቁበትን አንሥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ለባለቤታቸው አቀበሏቸው። ባለቤታቸውም፣ «እንዲህ ሆነህ ሳይህ ስንት ዓመቴ!» አሉ። ጋሼ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህ ለቤት ነው» አሉኝ። «ውጭ አይሂድ።»

እሺ አልኩ። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በዚህ ጽሑፍ አጠገብ ያንን ፎቶ አያገኙትም። እንዳለ ግን ነገርኩዎ።

እርስዎም በየከተማዎ የተዘጋ ፋብሪካ፣ የቆመ ወፍጮ፣ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ይኖር ይሆናል። ፎቶ ለማንሣት ትልቅ ካሜራ አያስፈልግዎትም፤ የእጅ ስልክዎ ይበቃል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያንሡ፤ የቀትር ፀሐይ የቆላ ሰውን ዓይን ጉድጓድ ታስመስለዋለች። ከሁሉ በፊት ግን ሰዎቹ ራሳቸው ያላቸውን አሮጌ ፎቶ ይጠይቁ። በወንጂ ከአልጋ ሥር፣ ከመጽሐፍ ገጽ መካከል፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የወጣው ፎቶ እኔ ካነሣሁት በብዙ ይበልጣል። በመስኮት ብርሃን ላይ አድርገው በስልክዎ ያንሡትና ዋናውን እዚያው ይመልሱ። አንድ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን የ1960ዎቹ ፎቶ ይዤ፣ የተነሣበትን ቦታ ፈልጌ፣ በዚያው ማዕዘን ቆሜ ደግሜ አነሣሁት። በአሮጌው ላይ ችግኝ የነበረው ዛፍ በአዲሱ ላይ ቤቱን ሸፍኖታል። ለማስተያየት ይህንን ያህል የሚናገር ነገር አላየሁም።

ደግሞ ይጻፉ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ። ያልተጻፈበት ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ነው። እናቴ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ፎቶዎች አሉ፤ ሰዎቹ አባቴን አቅፈው ቆመዋል፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

እኔም በጋሼ ፎቶ ጀርባ ላይ ለመጻፍ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። መስተዋት የያዘውን እጅ ገልብጬ ስማቸውን፣ ቀኑንና «የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ» የሚለውን ጻፍኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበሉና መስመሩን ሰረዙት። በመርበትበት፣ ግን በትልልቅ ፊደል፣ «ስኳር አብሳይ» ብለው ጻፉበት። «የቀድሞ» የሚለውንም አልመለሱትም።

ልወጣ ስል ባለቤታቸው እስከ በሩ ሸኙኝ። «እኔንስ ማን ያነሣኛል? መታወቂያዬ ሊያልቅ ነው፤ ጉርድ ያስፈልገኛል» አሉኝ። ካሜራዬ ባትሪው አልቆ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።